ዳለቻ እስክትገዛ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፤ ወተት ያማረው ትንሽ ይታገሥ። የዚህች ሴት መንገድ ረጅም ነውና አብረናት እንሂድ።

ጉብ ሜዳ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ላቀው ይባላል፤ ልጃቸው ደግሞ ማንጠግቦሽ። ማንጠግቦሽ ገና ጡት ከተወች ብዙም ያልቆየች ሕፃን ናት። በዚያ ሰሞን ኩፍኝ ይዟት እናትና አባቷ ተስፋ ቆርጠውባት ነበር። እግዜር ሲረዳ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ዓይኗም ተገለጠ። እግሮቿ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥነው ቀሩ፤ ምግብ የሚባል ነገርም አልገባላት አለ። ገንፎ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። አጥሚት ሲያቀርቡላት ከንፈሯን ትገጥማለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማ፣ ወተት።»

ወተቱን እስካሁን የሚሰጧት ጎረቤታቸው እትዬ አመለ ናቸው። እትዬ አመለ ዳለቻ የሚሏት አመድማ ላም አለቻቸው፤ ጥጃዋ ገና ቀንድ አላበቀለም። ጠዋት ጠዋት ያልቡና አንድ ኩባያ በአጥሩ ላይ ያሻግራሉ። ማንጠግቦሽ ትጠጣለች፤ ጉንጯ ትንሽ ደም ይመስላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ አመለ ኩባያውን ካሻገሩ በኋላ ከአጥሩ አልተንቀሳቀሱም።

«ደብሪቱዬ፣ ልጄ ከተማ ሊወስደኝ ነው። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዳለቻን የከብት ነጋዴ ጠይቆኛል። ያልባት እንደሆን፣ ያርዳት እንደሆን እኔ ምን አውቄ? አንቺ ብትወስጃት ግን ሆዴ ያርፋል። እሱ በሚለው ዋጋ ውሰጃት። ቅዳሜ እሱ እስኪመጣ ድረስ ቃሌ ላንቺ ነው።»

ደብሪቱ ዋጋው አላስጨነቃትም፤ ለክፉ ቀን ያሉት ገንዘብ ተቀምጦ ነበርና። ያስጨነቃት ባሏ ነው።

ላቀው ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ የሞፈሩን ጠፍር ያጠብቃል።

«ላቀው፣ ዳለቻን እንግዛት» አለችው።

«የት ልናሳድራት?» አለ ቀና ሳይል።

«በረቱ አለ አይደል?»

«እሱን ነው በረት የምትይው? ግድግዳው ተበልቷል፣ በሩ ወድቋል። አምና ጊደራችንን ጅብ ሲወስዳት በየት በኩል የገባ ይመስልሻል? በረት የለም፤ ላም አልገዛም።»

ጊደሯን ላቀው ከእጁ እያበላ ነበር ያሳደጋት። ያን ቀን ጠዋት ባዶውን በረት ካየ ወዲህ ወደዚያ እግሩን አንሥቶ አያውቅም። ደብሪቱ ይህን ታውቃለችና ልትከራከረው አልደፈረችም። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ ወተት።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች። እየሄደችም ለራሷ እንዲህ ትላለች፦ ማንጠግቦሽ ወተት አለች። ወተቱ ከዳለቻ ነው። ላቀው ዳለቻን አልገዛም አለ፣ በረት የለም ብሎ። በረት ደግሞ ከአጣና ነው፤ አጣና ያለው ጋሼ እንግዳው ቤት።

ጋሼ እንግዳው የላቀው ታላቅ ወንድም ናቸው። የተላጠ፣ የደረቀ፣ ሸጋ አጣና ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሟል። እሳቸው ግን ጎመናቸው መሀል ቆመው ሰማይ እያዩ ይራገማሉ።

«ጋሼ፣ እንዴት አረፈዱ?»

«ምን ማርፈድ አለ! ነይ እስቲ እዪው። ይሄ ጎመን ነው? ይሄ የጎመን ጅማት ነው! የእማሆይ ጽጌ ፍየሎች ጨረሱት። ያ ቀንዱ የተጠማዘዘው ወጠጤ፣ ትናንት እዚችው ላይ ቆሞ እያየኝ ይበላል። እያየኝ! ሂድ ስለው እንኳ ማኘኩን አላቆመም።»

ደብሪቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የመጣችበትን ነገረቻቸው። ጋሼ እንግዳው ወደ አጣናው አዩ፣ ወደ ጎመናቸው አዩ።

«ልጄ፣ ለማንጠግቦሽ ዓይኔንም አልነፍጋት። ይሄን አጣና ግን ለጓሮዬ አጥር ነው የቆረጥኩት። ያለ አጥር ክረምቱን ምን እበላለሁ? ፍየሎቹ ይታሰሩና አጥሩ ይቅርብኝ። ያን ጊዜ አጣናውን በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።»

ደብሪቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ታጠፈች። ማንጠግቦሽ ወተት አለች። ወተቱ ከዳለቻ ነው። ላቀው ዳለቻን አልገዛም አለ፣ በረት የለም ብሎ። ጋሼ እንግዳው አጣና አልሰጥም አሉ፣ ፍየል አለ ብለው። ፍየሎቹ ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ናቸው።

እማሆይ ጽጌ ያን ቀን ቤታቸው አልነበሩም፤ ለዝክር ሄደው ነበርና ደብሪቱ ባዶዋን ተመለሰች። ማክሰኞ ማልዳ ስትሄድ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንዲት ፍየል ከበስተኋላቸው ቆማ የቆባቸውን ጠርዝ ትልሳለች። እሳቸው በአንድ እጃቸው ዳዊት ይዘው በሌላው ይከላከላሉ።

«እማሆይ፣ ይባርኩኝ። ፍየሎቹን እንዲያስሩልኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁ።»

«እኔስ ማሰር ጠልቼ መሰለሽ?» አሉ እማሆይ፣ ዳዊቱን አጠፍ አድርገው። «እንግዳው በየቀኑ በአጥር ላይ እየጮኸ የሚለኝን ስሰማ፣ እኔ መነኩሲቷ እንኳ መልስ ይመጣብኛል። በሣር ገመድ አሰርኳቸው፣ ገመዱን በሉት። በጨርቅ አሰርኳቸው፣ ጨርቁንም በሉት። አሁን በምን ላስራቸው? የቃጫ ገመድ ነው የሚችላቸው። አባ ሙሄ ገመድ ይግመዱልኝ እንጂ ዛሬውኑ አስራቸዋለሁ።»

ደብሪቱ እጃቸውን ስማ ወጣች። ማንጠግቦሽ ወተት አለች። ወተቱ ከዳለቻ ነው። ላቀው ዳለቻን አልገዛም አለ፣ በረት የለም ብሎ። ጋሼ እንግዳው አጣና አልሰጥም አሉ፣ ፍየል አለ ብለው። እማሆይ ጽጌ ፍየል አላስርም አሉ፣ ገመድ የለም ብለው። ገመድ ደግሞ ከአባ ሙሄ እጅ ነው።

አባ ሙሄ ዋንዛ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። የጉብ ሜዳ በሬ የሚታሰረው፣ አህያ የሚጫነው በእሳቸው ገመድ ነው። ዛሬ ግን ጭናቸው ላይ ምንም የለም። ሁለት መዳፋቸውን አንዱን በአንዱ ላይ ያፋትጋሉ፤ የሌለ ገመድ የሚገምዱ ይመስላል።

«ልጄ፣ ወላሂ እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል» አሏት። «ግን በምን ልግመድ? የወንዙ ዳር ቃጫ አልቋል። ደህና ቃጫ የቀረው ይመር ወፍጮ ቤት ዙሪያ ብቻ ነው። ሄጄ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ይመር ደግ ልጅ ነበር። ምን እንደነካው አላህ ይወቅ። ቃጫውን ካመጣሽልኝ እኔ ገመዱን ሳትቀመጪ ነው የማደርስልሽ።»

«አባ ሙሄ፣ እርስዎን እምቢ ያለ እኔን እሺ ይለኛል?»

«አብሽሪ። አንቺ የልጅ እናት ነሽ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ለሽማግሌ እምቢ ማለት ቀላል ነው።»

ረቡዕ ጠዋት እትዬ አመለ ኩባያውን ሲያሻግሩ «ምነው ዝም አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ደብሪቱ «ትንሽ ነው የቀረን» አለች። ማንጠግቦሽ ኩባያውን እስከ ታች ጠጥታ፣ ውስጡን አይታ፣ በጣቷ ጠርጋ ላሰችው። ደብሪቱ ያን አየች። ቅዳሜ ይህ ኩባያ ከአጥሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ይህችን ልጅ ምን ታጠጣታለች?

ወደ ወፍጮ ቤቱ ስትወርድ እግሯ ይፈጥናል፣ አፏም አብሮ ይፈጥናል። ማንጠግቦሽ ወተት አለች። ወተቱ ከዳለቻ ነው። ላቀው ዳለቻን አልገዛም አለ፣ በረት የለም ብሎ። ጋሼ እንግዳው አጣና አልሰጥም አሉ፣ ፍየል አለ ብለው። እማሆይ ጽጌ ፍየል አላስርም አሉ፣ ገመድ የለም ብለው። አባ ሙሄ ገመድ አልገምድም አሉ፣ ቃጫ የለም ብለው። ቃጫው ደግሞ የይመር ነው።

የወፍጮው ሞተር ከሩቅ ይሰማል፤ ከቅርብ ሲሆን ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ይመር ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት ለብሶ እህል ያፈሳል።

«ይመር! ቃጫ ፈልጌ ነው!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ።

«ጤፍ ነው? ጤፍ ነገ ነው!»

«ቃጫ!»

«ከማሽላው በኋላ!»

ደብሪቱ ወደ ውጭ እያሳየች በሁለት እጇ ገመድ የመግመድ ምልክት አሳየችው። ያን ጊዜ ይመር ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አጠፋ። ቤቱ በድንገት ጸጥ ሲል ዱቄቱ ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ቃጫው አይቆረጥም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የተከለችው ከድጃ ናት። አንድ በአንድ፣ በእጇ። እሷ ሳትኖር አስቆርጬው መጥታ ባዶውን ብታይ ምን እላታለሁ?»

«የት ሄዳ ነው?»

«አባቷ ቤት፣ ከወንዝ ማዶ። ሳትነግረኝ ነው የሄደች፣ ደብሪቱ። ምን እንዳስከፋኋት እንኳ አላውቅም። ጠልታኝ የሄደችን ሴት ተከትዬ ምን ብዬ ልለምን?»

ደብሪቱ ሌላ ነገር ሳትጠይቀው ሞተሩን ቀሰቀሰ። ማውራት እንዳልፈለገ ገባት።

ቤት ስትደርስ ላቀው የት እንደዋለች ጠየቃት፤ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። «ተይው ደብሪቱ፤ ለአንድ ላም መንደሩን ሁሉ ልታዞሪው ነው?» አለ። እሷ ግን ልጇን ነበር የምታይ። ማንጠግቦሽ ልትቆም ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ፣ ጉልበቷ ከድቷት ቁጭ አለች።

ሐሙስ ማልዳ ማንጠግቦሽ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ አለች። ደብሪቱ አዝላት ወንዙን ተሻገረች። ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ቅለቷ ደግሞ ከዳገቱ ይበልጥ አደከማት፤ ልጅ እንዲህ ይቀላል? አምስተኛውን በር ላንኳኳ ነው፤ እዚህም እምቢ ከተባልኩ የት እሄዳለሁ? አለች በሆዷ።

ከድጃ አባቷ ግቢ ውስጥ ማሽላ አስጥታ ዶሮ ትከላከላለች። ደብሪቱን ስታይ ደንግጣ ተነሣች።

«ምነው በደህና? ይመር ታሟል?»

ደብሪቱ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ይህ መሆኑን ልብ አለች።

«ይመር ደህና ነው። የመጣሁት በራሴ ጉዳይ ነው። ልቀመጥና ልንገርሽ።»

ውሃ ጠጣች፤ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች። ከዚያ ሳታርፍ ለቀቀችው፦

«ማንጠግቦሽ ወተት አለች። ወተቱ ከዳለቻ ነው። ላቀው ዳለቻን አልገዛም አለ፣ በረት የለም ብሎ። ጋሼ እንግዳው አጣና አልሰጥም አሉ፣ ፍየል አለ ብለው። እማሆይ ጽጌ ፍየል አላስርም አሉ፣ ገመድ የለም ብለው። አባ ሙሄ ገመድ አልገምድም አሉ፣ ቃጫ የለም ብለው። ይመር ቃጫ አላስቆርጥም አለ፣ ከድጃ የለችም ብሎ። ይኸው፣ እኔ ደግሞ አንቺ ዘንድ መጣሁ።»

ከድጃ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። «ፍየሎቹ ገመዱን በሉት?»

«ጨርቁንም።»

ሁለቱም ሳቁ። ከድጃ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። ከማሽላው ላይ ጠጠር እየለቀመች ተናገረች።

«አባቴ ታሟል ብለው ላኩብኝ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ‹አባቴ ታሟል፣ ልሂድ› አልኩት። ‹አሁን አይሆንም፣ ነገ!› ብሎ ጮኸብኝ። ሰው እያየ። አባቴ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ነገ ይለኛል። ጥዬው ወጣሁ። አባቴ ይኸው ድኖ እርሻ ወርዷል። ይመር ግን ‹እንዴት ናቸው› ብሎ እንኳ ብቅ አላለም።»

ደብሪቱ ትንሽ አሰበች።

«ከድጃ፣ ሞተሩ እየሠራ ነበር?»

«ይሠራል እንጂ። መቼ ያጠፋዋል?»

«እኔ ትናንት ቃጫ ስለው፣ ‹ጤፍ ነገ ነው› ብሎኛል።»

ከድጃ እጇ ላይ የነበረው ጠጠር ወደቀ።

«አልሰማኝም?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሞተሩን አጥፍቶ ያወራኝ ግን ስላንቺ ብቻ ነው። ‹ሳትነግረኝ ሄደች፣ ምን እንዳስከፋኋት አላውቅም› ነው ያለኝ። ቃጫሽንም ሰው አላስነካም።»

ማንጠግቦሽ በዚህ መሀል በዳዴ ሄዳ የከድጃን ጉልበት ይዛ ቆመች፤ ዓይኗን ወደ ላይ አቅንታ «ወተት» አለቻት። ከድጃ አንሥታ አቀፈቻት። ክንዷ ላይ ምንም ክብደት የሌለ ሆኖ ሲሰማት ቀና ብላ ደብሪቱን አየች።

«ይሄን ያህል?» አለች።

«ይሄን ያህል» አለች ደብሪቱ፤ እንባዋም መጣ።

«በይ ተነሺ። እሱን በኋላ እጠይቀዋለሁ፤ እንዲህ በቀላሉም አልለቀውም። በእኔ የተነሳ ግን ይቺ ልጅ ወተት አታጣም።»

ሁለቱ ሴቶች ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ማንጠግቦሽን እየተቀባበሉ ወንዙን ተሻገሩ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ይመር እህል ሲያፈስ ቀና አለ። ከድጃን አየ። ሞተሩን አጠፋ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩ።

«ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?» አለ።

«ነገርኩህ!»

«መቼ?»

«እዚሁ ቆሜ! አባቴ ታሟል፣ ልሂድ አልኩህ። ነገ አልከኝ!»

«እኔ ... ጥሬ ላስፈጭ ያልሽኝ መስሎኝ ነው!» ይመር ዱቄት የለበሰ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አባትሽ ታመው ነበር? አሁንስ?»

«ድኗል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ካጠገቡ ያለው ጆንያ ላይም ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከድጃ ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም።

ማጭዱን ያነሣችው ራሷ ናት። ቃጫውን ራሷ ቆረጠች፤ ይመር እሾሁ እንዳይወጋት ቅጠሉን ያዘላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ሆነ። ከድጃ ተመለሰች፤ ይመር ቃጫውን ሰጠ። አባ ሙሄ ቅጠሉን ቀጠቀጡ፣ ፋቁ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጉ። ዓርብ ረፋድ ላይ ጭናቸው ላይ እያሹ ገመዱን ሲገምዱ ያንጎራጉሩ ነበር። ከድጃ ተመለሰች፤ ይመር ቃጫ ሰጠ፤ አባ ሙሄ ገመድ ገመዱ። እማሆይ ጽጌ ፍየሎቹን አንድ በአንድ አሰሩ። ወጠጤው አዲሱን ገመድ አኘከው፣ አኘከው፣ ተወው። ከድጃ ተመለሰች፤ ይመር ቃጫ ሰጠ፤ አባ ሙሄ ገመድ ገመዱ፤ እማሆይ ፍየል አሰሩ። ጋሼ እንግዳው ሄደው በዓይናቸው አዩ፤ ቋጠሮውን ጎተት አድርገው ሞከሩ፤ ከዚያ ቃላቸውን አላጠፉም፤ አጣናውን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ይመርም የቀረውን ተሸክሞ ተከተላቸው።

ላቀው ለምሳ ከእርሻ ሲመለስ ግቢው ውስጥ አጣና ተከምሮ፣ ሰው ቆሞ ጠበቀው። ደስ ይለዋል ብላ ደብሪቱ ፊቱን አየች። ደስ አላለውም። ሰላምታ ሰጥቶ አልፏቸው ወደ ጓሮ ዞረ። ተከተለችው።

«አጣናው መጥቷል፣ ላቀው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ላቀው ፊቱን ወደ አሮጌው በረት አላዞረም። «ልጅቷ ላሟን ትለምዳታለች፣ ደብሪቱ። ስሟን ትጠራታለች፣ ከጥጃዋ ጋር ትጫወታለች። ከዚያ እንደዚያችኛዋ አንድ ጠዋት ብናጣትስ? አጥር አጥር ነው፤ ጅብ ደግሞ ጅብ ነው። እኔ ያን ጠዋት ዳግመኛ ማየት አልችልም።»

ደብሪቱ ያን ሁሉ ቀን ከሰማችው እምቢታ ይሄኛው ብቻ አላናደዳትም። አጠገቡ ቆመች።

«እኔም ልጃችንን ላጣት ነበር» አለችው። «ስትተርፍልን፣ ነገ ልትታመም ትችላለች ብዬ ማቀፌን ተውኩ? ዳለቻ አንድ ክረምት ብቻ ብትቆይልን፣ ማንጠግቦሽ አንድ ክረምት ጠጣች ማለት ነው። እግሯ ይጠናል። ትቆማለች። ሌላውን እግዜር ያውቃል፤ እኛ አጥሩን እናጥብቀው።»

ላቀው የእጀ ጠባቡን እጅጌ ጠቀለለና ወደ በረቱ ገባ። የበሰበሰውን ምሰሶ አቅፎ ወዘወዘው፣ ነቀለው፣ ወደ ውጭ ወረወረው። «ጋሼ!» ብሎ ተጣራ። «ወፍራም ወፍራሙን ለምሰሶ ያምጡልኝ! ጥልቅ አድርገን ነው የምንቆፍር!»

ቆፈሩ፣ ተከሉ፣ ማገሩን አሰሩ። የአባ ሙሄ ገመድ ተርፎ ስለነበር ማገሩ በሚስማርም በገመድም ተጠፈረ። ደብሪቱና ከድጃ ጭቃ አቦኩ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ በሩ ሊገጠም ሲል፣ ከእትዬ አመለ ግቢ የማያውቁት የወንድ ድምፅ ተሰማ። ደብሪቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየች። የከብት ነጋዴው ነው፤ ለነገ የተባለው ዛሬ መጥቷል። የዳለቻን ጀርባ ይዳብሳል።

«ላቀው!» አለች።

ላቀው በሩን ጣለ። አጥሩን ዘለለ፤ አዎ፣ ያ ዝምተኛ ሰው የጎረቤት አጥር ዘለለ፤ ጭቃ በለበሰ እጁ የዳለቻን ቀንድ ያዘ።

«ተገዝታለች!» አለ።

ነጋዴው ግራ ገባው። «መቼ?»

«አሁን!»

«ማን ገዛት?»

«እኔ! እኔ ገዛኋት!»

ነጋዴው ወደ እትዬ አመለ ዞረ። እትዬ አመለ በሳቅ ፈርሰዋል። «ወንድሜ፣ አታስቀይመኝ» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ቃሌ ለእነሱ ነው። ሰውየውን እየው፤ ቀንዷን ሊነቅለው ነው። ጎንበስ በልና ቤቴ ግባ፤ እህል ሳትቀምስ አትሄድም።» ነጋዴውም ደህና ሰው ነበር፤ «ይቅናችሁ» ብሎ ገባ።

ላቀው ቤት ገብቶ ለክፉ ቀን የተባለውን አምጥቶ በእትዬ አመለ መዳፍ ላይ አኖረ። እሳቸው ሳይቆጥሩ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት፤ ከዚያ የዳለቻን ግንባር ሳሙ።

«ስታልቧት አናግሯት» አሉ። «ዝም ብሎ የሚያልባትን አትወድም፤ ወተቷን ትይዛለች። ጥጃዋን ደግሞ አስቀድሙላት። በሉ፣ እንደ ዓይናችሁ ጠብቋት።»

ዳለቻ ወደ አዲሱ በረት ገባች፤ ጥጃዋ ከኋላ ከኋላ። ሁሉም ሰው በሩ ላይ ተጨናንቆ ያያል። ላቀው ጥጃውን ትንሽ አጥብቶ ከለየው በኋላ ተንበርክኮ ያልብ ጀመር፤ ምን እንደሚላት እንጃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራታል። መጀመሪያ ጠብ አላለም። ከዚያ ኩባያው ውስጥ ወተቱ ጭርር ብሎ ወረደ።

ማንጠግቦሽ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። አባቷ እንደገና አለበላት፣ እንደገና ጠጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ኩባያው ውስጥ ተረፋት፤ ከንፈሯ ላይ አረፋ ይዛ የተረፋትን ለጥጃው ዘረጋችለት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከድጃ ተመለሰች፤ ይመር ቃጫ ሰጠ፤ አባ ሙሄ ገመድ ገመዱ፤ እማሆይ ጽጌ ፍየል አሰሩ፤ ጋሼ እንግዳው አጣና ሰጡ፤ ላቀው በረት ሠራ፤ ዳለቻ ተገዛች፤ ማንጠግቦሽ ወተት ጠጣች።

ደብሪቱስ? ደብሪቱ ከአዲሱ ግድግዳ ጥግ፣ ለዳለቻ ከመጣው ድርቆሽ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብላ ተቀምጣ ነበር። እግሯን ዘረጋች፤ የዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ድካም በአንድ ጊዜ መጣባት፤ ጎኗንም አሳረፈች። ከድጃ ልትቀሰቅሳት ስትል ላቀው በእጁ ከለከላት። ነጠላዋን አልብሷት፣ ልጁን አቅፎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዎቹም ድምፃቸውን ቀንሰው በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ። ደብሪቱ ገና በቀን ብርሃን፣ ዳለቻ አጠገቧ እያመሰኳች፣ እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች።

የእኔም ነገር እዚህ ላይ ያርፋል። የሰማ ለልጁ ይንገር፤ ላም ያለው ደግሞ ለተራኪው አንድ ኩባያ በአጥር ላይ ያሻግር።